«ስኪን ኮንዲሽኒንግ» የሚለው ስያሜ ምን ይናገራል? ምንስ ይሸፍናል?

በመቐለ ቀዳማይ ወያነ ገበያ አካባቢ ካሉት የመዋቢያ ዕቃ መሸጫዎች ወደ አንዱ የገባ ሰው፣ በመደርደሪያው ላይ የተደረደሩትን ቅባቶች፣ ሎሽኖችና ክሬሞች ቆጥሮ ለመጨረስ ጊዜ ያስፈልገዋል። የብልቃጡ ፊት ስለ ልስላሴና ስለ ወዝ ይሰብካል፤ ጀርባው ግን በደቃቅ ፊደልና በባዕድ ቋንቋ የተጻፈ ረጅም የንጥረ ነገሮች ዝርዝር ነው። ገዥው ፊቱን ብቻ ቢያነብ አይፈረድበትም። የሚያሳስበው፣ ቆዳው ደርቆና ተሰነጣጥቆ የመጣውን ታካሚ «ሎሽን ተቀባ» ብሎ የሚያሰናብተው የጤና ባለሙያም አብዛኛውን ጊዜ ጀርባውን ሳያነብ መቅረቱ ነው።

ከእነዚህ ንጥረ ነገሮች ብዙዎቹ በኢንዱስትሪው አመዳደብ «ስኪን ኮንዲሽኒንግ» በሚባል ስም ይታወቃሉ። የአውሮፓ ኅብረት መዝገብ ምድቡን ሲተረጉም ቆዳን በመልካም ሁኔታ የሚያቆይ ከማለት ብዙም አያልፍም። ይህ አነጋገር ንጥረ ነገሩ ለምን ዓላማ እንደ ተጨመረ ይገልጻል እንጂ፣ ዓላማውን ስለ ማሳካቱ አንዳች ማረጋገጫ አይሰጥም። በአሜሪካ የሚዘጋጀው የንጥረ ነገሮች መዝገበ ቃላት በአንጻሩ ምድቡን በአራት ይከፍለዋል፦ እርጥበት ሳቢ፣ አለስላሽ፣ አፋኝ እና «ልዩ ልዩ»። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ አንድ የሚታወቅ ሥራ ያመለክታሉ። አራተኛው ግን ሥራው በግልጽ ያልታወቀ ሁሉ የሚጠራቀምበት ጓዳ ነው፤ በማስታወቂያ ከፍ ብለው የሚወደሱት የዕፅዋት ጭማቂዎችም በብዛት የሚገኙት በዚሁ ጓዳ ውስጥ ነው።

የሦስቱ ልዩነት ለሐኪሙ ቀላል ጉዳይ አይደለም። የቆዳ የላይኛው ቀንዳማ ሽፋን፣ ማለትም ስትራተም ኮርኒየም፣ በጡብ ግንብ ይመሰላል፤ ጡቦቹ የሞቱ ሕዋሳት፣ ጭቃው ደግሞ ሴራማይድ፣ ኮሌስትሮልና የስብ አሲዶች ናቸው። ግሊሰሪንና ዩሪያ ውሃ ስበው በጡቡ ውስጥ ይይዛሉ። አለስላሾቹ ዘይቶች የጡቦቹን ሻካራ ጠርዝ ይሞላሉ። ቫዝሊን፣ በትክክለኛ ስሙ ፔትሮላተም፣ ከላይ ተደፍቶ ውሃው እንዳይተን ያፍናል። ቫዝሊን እንደ ፕላስቲክ ከላይ ከመሸፈን በቀር ሌላ ሥራ የለውም ሲባል ቢቆይም፣ እ.ኤ.አ. በ1992 የታተመ ጥናት ወደ ቀንዳማው ሽፋን ዘልቆ እንደሚገባና የተጎዳው ግንብ ራሱን እንዳይጠግን እንደማያግድ አሳይቷል። በመደርደሪያው ላይ ከሁሉ ርካሽ የሆነው ዕቃ ከሁሉ የተሻለ ማስረጃ ያለው ሆኖ መገኘቱ ለማስታወቂያ ሠሪዎች የሚመች አይደለም።

መቐለ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የምትገኝ፣ ዝናቧ በአመዛኙ በሐምሌና በነሐሴ ተወስኖ የሚያልፍ፣ ቀሪው የዓመቱ ክፍል ደረቅ የሆነ ከተማ ናት። በእንዲህ ያለ አየር ከመድኃኒት ቤት የተገዛ ግሊሰሪን ሳይበረዝ ሲቀባ፣ ከአየሩ የሚያገኘው እርጥበት ጥቂት ስለሆነ ውሃውን ከታችኛው የቆዳ ክፍል ይስባል፤ ቆዳውንም ይለበልባል። በውሃ ተበርዞ በእርጥብ ቆዳ ላይ ሲቀባና ከላዩ ቫዝሊን ሲታከልበት ግን ሁለቱ ይደጋገፋሉ። እናቶች ለጸጉር የሚቀቡት፣ በትግርኛ «ልኻይ» የሚባለው ቅቤ አፋኝና አለስላሽ መሆኑ አይካድም፤ የሚያስነቅፈው ያልተፈላ ቅቤ በአራስ ሕፃን ቆዳ ላይ፣ ይልቁንም በእትብት ላይ ሲደረግ ነው።

ስለ ግሊሰሪን ከተነሣ፣ በሀገራችን የተካሄደ አንድ ጥናት በጥሞና ሊመረመር ይገባል። በደቡብ ኢትዮጵያ በፖዶኮኒዮሲስ እግራቸው ባበጠ 193 ታካሚዎች ላይ ለ3 ወራት የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2017 በብሪቲሽ ጆርናል ኦፍ ደርማቶሎጂ የታተመው ይህ ጥናት፣ በነባሩ አሠራር እግር የሚነከርበትን 6 ሊትር ውሃ ወደ 1 ሊትር ዝቅ አድርጎ 2 በመቶ ግሊሰሪን ጨመረበት። ይህም በአንድ ሊትር 20 ሚሊ ሊትር መሆኑ ነው። በሁለቱም ወገን የቆዳው መከላከያ ተሻሻለ፤ ግሊሰሪን ባገኙት ግን መሻሻሉ የበለጠ ነበር። ውሃ በጀሪካን ለሚገዛ የመቐለ ቤተሰብ የ5 ሊትር ቁጠባ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ተመራማሪዎቹ የታካሚውን የውሃ ሸክም እንደ ሕክምናው አካል መቁጠራቸው የጥናቱ ትልቁ ብልጫ ነው፤ በዚህ ዘርፍ ብዙ ጊዜ የማይታይ ማስተዋል ነው።

ይሁን እንጂ ጥናቱ ከነቀፌታ ነጻ አይደለም። የውሃው መጠንና ግሊሰሪኑ በአንድ ጊዜ ስለ ተለወጡ፣ ለውጡ ከየትኛው ምን ያህል እንደ መጣ ለይቶ መናገር ያስቸግራል። ዋናው መለኪያ በቆዳ በኩል የሚተነው ውሃ ነበር፤ ይህ የመሣሪያ ንባብ እንጂ ታካሚው በራሱ የሚያውቀው ነገር አይደለም። ዕድሜ ልክ ለሚቆይ ሕመም ሦስት ወር አጭር ነው። ዝናብ በሚበዛበት አካባቢ የተገኘው ውጤት በመቐለ በጋ ይደገም እንደሆነ በተግባር ሊፈተን ይገባል፤ የሥጋ ደዌ ታካሚዎች ደንዝዞ የደረቀውን እግራቸውን በየዕለቱ ነክረው ቅባት እንዲቀቡ ስለሚመከሩ፣ ፈተናው ከእነርሱ ቢጀመር ተገቢ ይሆናል።

ነቀፌታው በነጋዴው ላይ ብቻ እንዲያርፍ ማድረግ ግን ፍትሕ አይሆንም። ሐኪሞች ራሳቸው ለብዙ ዓመታት ለችፌ ሲያዝዙት የኖሩት አኩዌስ ክሬም ለዚህ ምስክር ነው። በውስጡ የሚገኘው ሶዲየም ላውሪል ሰልፌት የሳሙና ጠባይ ያለው ማዋሐጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት ክሬሙ የጤነኛ ሰዎችን ቆዳ ሳይቀር እንደሚያሳሳና የውሃ ትነቱን እንደሚጨምር አረጋገጠ፤ የብሪታንያ የመድኃኒት ተቆጣጣሪም በ2013 ማስጠንቀቂያ አወጣ። ስሙ አለስላሽ፣ ሥራው ግንብ አፍራሽ ነበር ማለት ነው፤ ያዘዘውም ሐኪም እንጂ ሱቅ ጠባቂ አልነበረም። የወይራ ዘይትም ተፈጥሯዊ ነው ተብሎ ይመከራል፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት ግን የአዋቂዎችን ቆዳ መከላከያ እንደሚያዳክም፣ የሱፍ ዘይት ግን እንደማይጎዳው አመልክቷል። በብሪታንያ በ1,394 ሕፃናት ላይ ተካሂዶ በ2020 የታተመው ታላቅ ጥናት ደግሞ፣ ለችፌ የተጋለጡ ጨቅላዎችን ዓመቱን ሙሉ በየዕለቱ መቀባት ሕመሙን እንደማይከላከል አሳየ፤ በሁለት ዓመታቸው ከተቀቡት 23፣ ካልተቀቡት 25 በመቶ ችፌ ይዟቸው ነበር። ሐሳቡ ያማረ ነበር፤ ውጤቱ ግን አልደገፈውም።

ከዚህ ሁሉ የከፋው በዚያው መደርደሪያ፣ በዚያው «ለስላሳ ቆዳ» በሚል ቃል የሚሸጠው ማንጪያ ነው። ክሎቤታሶልና ቤታሜታሶን የያዙ ቅባቶች በመዋቢያ ስም ይሸጣሉ። ስቴሮይዱ መቅላቱንና ማሳከኩን ስለሚያጠፋ ተጠቃሚዋ ቆዳዋ የተስማማው ይመስላታል፤ ፈንገስ ከሆነ ግን መልኩን ቀይሮ ይስፋፋል፤ በትግራይ «ጊዝዋ»፣ በአማራ «ቁንጭር» የሚባለው ሌይሽማኒያሲስ ከሆነም ምርመራው ይዘገያል። ሀይድሮኪኖንና ሜርኩሪ የየራሳቸው መዘዝ አላቸው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የመዋቢያ ምርቶችን በምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ቁጥጥር ሥር አድርጓል፤ ነገር ግን ሕጉን የሚያግዝ የሕመም ታሪክ አወሳሰድ ከሌለ ጉዳቱ አይታወቅም። «የምትቀቢው ነገር አለ?» ለሚለው ጥያቄ «ሎሽን ብቻ» የሚለው መልስ መቋጫ ሊሆን አይገባም። ዕቃው ይምጣ፤ ጀርባውም ይነበብ።

ማንበቡ ከባድ ጥበብ አይደለም። በአውሮፓና በአሜሪካ ደንብ መሠረት ንጥረ ነገሮች የሚጻፉት ከብዙው ወደ ጥቂቱ ነው፤ ከ1 በመቶ በታች ያሉት ብቻ በፈለጉት ቅደም ተከተል ይሰፍራሉ። በመሆኑም ከሽቶው በኋላ የተጻፈ እሬት፣ ፊት ለፊት ሥዕሉ የቱንም ያህል ቢገዝፍ፣ አብዛኛውን ጊዜ ለስም ያህል የገባ ነው። ሽቶውና ላኖሊኑ ደግሞ አለርጂ ላለበት ታካሚ መጠንቀቂያ ናቸው።

የሐኪም ማዘዣም በንጥረ ነገሩ ስም ቢጻፍ ይመረጣል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነትና የመንገድ መዘጋት ወቅት፣ የአይደር ሆስፒታል ባለሙያዎች መሠረታዊ መድኃኒቶች ማለቃቸውን በይፋ ሲናገሩ ነበር፤ በእንዲህ ያለ ጊዜ በንግድ ስም የተጻፈ ማዘዣ ዕቃው ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። «ፔትሮላተም፣ ከታጠቡ በኋላ ቆዳው ሳይደርቅ፣ በቀን ሁለት ጊዜ» የሚል ማዘዣ ግን በየትኛውም ብልቃጥ ሊሞላ ይችላል። ተረከዙ ለተሰነጠቀ የስኳር ሕመምተኛ፣ ከዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ የሚገኘው ባለ 10 በመቶ ዩሪያ በስሙ ይጻፍለት፤ በጣቶቹ መካከል እንዳይቀባም ይነገረው። ቅባት የጠጣ ነጠላ ወይም አንሶላ እሳት ሲነካው ፈጥኖ እንደሚቀጣጠል ደግሞ ሁሉም ታካሚ ሊያውቀው ይገባል፤ በከሰል ምድጃ ዙሪያ ቡና በሚፈላበት ቤት ይህ ምክር ከማዘዣው እኩል ይቆጠራል።