ከባቲ ማዶ ያለው ልምላሜ

ከደሴ ተነሥቶ በኮምቦልቻና በባቲ በኩል ወደ አፋር የሚወርድ መንገደኛ በአንድ ቀን ከደጋ ብርድ ወደ በረሃ ሐሩር ይሸጋገራል። ያንን ዝርግ ምድር በአንድ ምስል ለመያዝ የሚሻ ፎቶግራፍ አንሺ ካሜራውን በባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ አቁሞ እያዞረ፣ ጠርዛቸው የሚደራረብ ብዙ ፎቶግራፎች ያነሣና በኮምፒዩተር ያጋጥማቸዋል። ፓኖራማ የሚባለው ይኸው ነው። ነፋስ ከነፈሰ አንዱ የግራር ቅርንጫፍ ሁለት ሆኖ ይወጣል፤ ቀትር ላይ ደግሞ ሙቀቱ አድማሱን ያርገበግበዋል። ትዕግሥት የሌለው ባይጀምረው ይሻላል።

የዚህ ጸሐፊ ቅሬታ ግን በማጋጠሙ ሥራ ላይ አይደለም። እንዲህ ያሉ ምስሎች ብዙውን ጊዜ ምድረ በዳውን ባዶ አድርገው ያሳዩናል፤ ልምላሜ ሲያገኙም ሳይጠይቁ ያደንቁታል። በአፋር ቆላ ያ ልምላሜ በብዙ ስፍራ ፕሮሶፒስ ነው፤ ከአሜሪካ አህጉር የመጣ፣ በ1970ዎቹ ዓ.ም. ገደማ በረሃማነትን ይገታል ተብሎ የተተከለ እሾሃም ዛፍ። አፋሮች «ደርጊ ሐራ»፣ የደርግ ዛፍ፣ ይሉታል። ከብቶች ፍሬውን በልተው ዘሩን በእበታቸው ያሠራጩታል፤ በበቀለበትም ሣሩ ይጠፋል። ለዓይን ያማረው ለአርብቶ አደሩ የግጦሽ መሬቱ መቃብር ነው። የምስሉ ጥራት ዋጋ የሚኖረውም ተመልካቹ ቀርቦ ግራሩን ከመጤው ለመለየት ሲችል ነው፤ ካልቻለ የግድግዳ ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ከወሎ የወጡት ፎቶግራፎች ፊትን አቅርበው ምድሩን ከበስተኋላ አስቀሩት። ፓኖራማው ደግሞ ምድሩን አስፍቶ ሰውን ይጥላል። ሰኞ ማለዳ፣ በባቲ ገበያ ቀን፣ ግመል እየነዱ የሚመጡትን ያካተተ አንድ ምስል ቢቀርብልን እንወዳለን። የሚንቀሳቀስ ሰው ግጥሚያውን ያበላሻል ይሉናል። ያበላሸው!