ግንቡ ሲቆም ድምፁ የት ይገባል?

ስለ ዩኒቨርሲቲ ሕንጻዎችና ስለ ተማሪ ሬዲዮ ታሪክ አጠባበቅ የቀረበ ሂስ

አንድ ዩኒቨርሲቲ ታሪኩን በግንብና በድምፅ ያኖራል። ግንቡ ባለቤት፣ ካርታና ሕግ አለው፤ ድምፁን ግን ከተናጋሪው አፍ እንደ ወጣ አየር ይበላዋል። በዚህም የተነሣ የአሠሪው ስም በድንጋይ ሲቀረጽ፣ በግንቡ ውስጥ የተናገረው ተማሪ ስም የለሽ ሆኖ ይቀራል። ይህ የአጋጣሚ ሳይሆን የሥልጣን ጉዳይ መሆኑን ለማሳየት፣ በስደት ከምንኖርባት ከሲያትል፣ ከዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ እንነሣለን። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በ1961 በዩኒቨርሲቲው ግቢ ለማስተማሪያ የሚያገለግል የኑክሊየር ማብላያ የያዘ ሕንጻ ተሠራ። ነዳፊዎቹ የዩኒቨርሲቲው የሥነ ሕንጻ መምህራን ሲሆኑ፣ መሐንዲስና ሠዓሊም አብረዋቸው ነበሩ። ዐቢይ ሐሳቡ ግልጽነት ነበር፤ አላፊ አግዳሚው በመስተዋቱ በኩል የማብላያውን ክፍል ቆሞ ማየት ይችል ነበር። ቅርጹን ብቻ ለሚመለከት ውብ ሥራ ነው። ይዘቱን ስንመረምር ግን ቅራኔ እናገኛለን፤ ያ የቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ሕዝቡን እንዲያይ ይጋብዘዋል እንጂ እንዲወስን አይጋብዘውም። መስተዋት ለዓይን በር፣ ለእጅ ግን ግድግዳ ነው። ይህን ቅራኔ ለተከታዩ ትውልድ ከማንም ይበልጥ ማስረዳት ይችል የነበረው ሕንጻው ራሱ በቦታው ቆሞ ነው።

ማብላያው በ1988 ሥራውን አቆመ። ኋላም በአንዲት የሥነ ሕንጻ ተማሪ አነሣሽነት፣ ሕንጻው ገና 50 ዓመት ሳይሞላው፣ በ2009 በብሔራዊ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ሰፈረ። ዩኒቨርሲቲው ግን ቦታውን ለኮምፒዩተር ሳይንስ ትምህርት ሕንጻ ፈለገው። የከተማይቱ የ1973 የቅርስ ጥበቃ ደንብ የክፍለ ግዛት ተቋም የሆንሁትን እኔን አያስገድደኝም ሲልም ተከራከረ። ሕንጻው በሐምሌ 2016 ፈረሰ። በሐምሌ 2017 የክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደንቡ ዩኒቨርሲቲውንም ይመለከታል ሲል ወሰነ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። ተማሪ የሚማርበት ክፍል ከቆመ ማብላያ ይበልጣል የሚል ክርክር ክብደት የለውም አንልም። ነገር ግን ዋናው ጥያቄ ክፍል ይሠራ አይሠራ ሳይሆን፣ ምን እንደሚፈርስ የሚወስነው ማን ነው የሚለው ነው።

ለግንቡ እንኳ ዘግይቶም ቢሆን ዳኛ ተገኝቶለታል። ለድምፁስ? በ1972 አራት ተማሪዎች በዚሁ ዩኒቨርሲቲ በ10 ዋት ኃይል የሚሠራ ኬ.ሲ.ኤም.ዩ. የተባለ ሬዲዮ ጣቢያ አቋቋሙ። ሦስቱ የመጨረሻ ፊደላት ጣቢያው የተወለደበት የኮሚዩኒኬሽን ሕንጻ ምሕጻረ ስም ነበሩ፤ ስለዚህ ግንቡ በየዕለቱ በአየር ላይ ይጠራ ነበር። በ1980ዎቹ፣ ኋላ ዓለም የሰማውን የሲያትል ሙዚቃ ካሳደጉት አንዱ ይኸው ጣቢያ ነበር። በ1992 በጎ ፈቃደኛ አቅራቢዎች ከአስተዳደሩ ጋር ተጋጩ፤ ከክርክሩ አንዱ ርእስ ጣቢያውን በራሱ አየር ላይ መተቸት የሚከለክለው መመሪያ ነበር። ጣቢያው በ2001 ከአንድ ባለጸጋ የሙዚቃ ቤተ መዘክር ጋር ተጣምሮ ኬ.ኢ.ኤክስ.ፒ. ተባለ፤ ከግቢውም ወጣ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ይደመጣል። እድገቱን አንነቅፍም። የምንነቅፈው፣ የሕንጻውን ስም የያዙት ፊደላት ሲለወጡ የተማሪው ባለቤትነት ምልክት አብሮ መጥፋቱን ነው። ተማሪዎቹም በ2003 ሬይኒ ዶግ የተባለ ሌላ ሬዲዮ በኢንተርኔት እንደ ገና ከሥሩ መጀመር ግድ ሆነባቸው።

ወደ አገራችን ብንመለስ ነገሩ ይብሳል። ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በ1961 ለዩኒቨርሲቲ ተሰጠ፤ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምም በ1963 ከተመሠረተ በኋላ መኖሪያው ያው ግንብ ሆነ። ጎብኚ ዛሬ የንጉሠ ነገሥቱን መኝታ ቤት ገብቶ ያያል። በ1965 «መሬት ለአራሹ» ብሎ የወጣው ሰልፈኛ ድምፅ፣ በኮሌጅ ቀን የተነበቡት ግጥሞች፣ በታኅሣሥ 1969 ጥላሁን ግዛው በተገደለ ማግሥት በግቢው ውስጥ በአስከሬኑ ዙሪያ የተሰማው ለቅሶና የጥይት ጩኸት ግን እንደ መኝታ ቤቱ በር ከፍተው የሚያዩአቸው አይደሉም። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። የንቅናቄው አባላት በ2005 ተሰብስበው ትዝታቸውን እንዲናገሩ መደረጉና ቃላቸው በ2010 በባሕሩ ዘውዴ አዘጋጅነት መታተሙ ታላቅ አገልግሎት ነው። ሆኖም ከ30 እና ከ40 ዓመት በኋላ የተነገረ ትዝታ የዕለቱን ድምፅ አይተካም። ተናጋሪው በመካከሉ እስር፣ ስደትና የጓዶቹን ሞት አይቷል፤ የሚናገረውም ከዚያ ሁሉ በኋላ የሆነው ሰው ነው።

እንግዲህ ድምፅን የሚጠብቅ ሕግ እስኪወጣ መጠበቅ የለብንም። በስደት ያለ የተማሪ ማኅበር ግንብ የለውም፤ ሀብቱ ሁሉ ቃሉ ነው። የየጉባኤው ካሴትና ቅጂ፣ ተናጋሪው ማን እንደ ነበረ፣ በየትኛው ከተማ፣ በየትኛው አዳራሽ፣ በየትኛው ቀን እንደ ተናገረ ተጽፎበት፣ አንዱ በማኅበሩ እጅ፣ አንዱ በቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ። የተሸነፈው ወገን ንግግርም ከአሸናፊው እኩል ይቀመጥ፤ የራሱን ተቃዋሚ ድምፅ የሚያጠፋ ማኅበር ነገ ድምፁን ቢያጠፉበት የሚከራከርበት መሠረት አይኖረውም። ግንብ ያለው ግንቡን ይቆጥራል፤ እኛ ቃላችንን እንቁጠር።