የተቆረጠ ጽጌረዳን ዕድሜ የማራዘም ጥበብ
በዝዋይና በሆለታ እርሻዎች የሚለቀም ጽጌረዳ ከግንዱ ከተለየ በኋላም ቅጠሉ ውሃ ማትነኑን፣ እንቡጡም መፍካቱን ስለሚቀጥል፣ በቤት ውስጥ የሚደረግለት እንክብካቤ ይህን የቀረ ሕይወት ማገዝ ነው። ከእንክብካቤዎቹ ሁሉ የላቀ አድናቆት የሚገባው የአገዳውን ጫፍ በስለታም ቢላዋ እንደገና መቁረጥ ነው፤ ዛይለም የሚባሉት፣ ውሃን ወደ ላይ የሚያደርሱት ረቂቅ ቱቦዎች አበባው ከውሃ ውጭ ሲቆይ በሚገባ አየር፣ ኋላም በማስቀመጫው ውስጥ በሚራባ ባክቴሪያ ስለሚደፈኑ፣ ሁለት ወይም ሦስት ሴንቲሜትር ያህል ሲነሳ መንገዱ ይከፈታል። አንገቱን ደፍቶ የነበረ ጽጌረዳ ከዚህ በኋላ በሰዓታት ውስጥ ቀና ሊል መቻሉ በእርግጥም የሚያስደንቅ ነው። ውሃ ውስጥ የሚነከሩ ቅጠሎችን ማንሣትና ውሃውን ቶሎ ቶሎ መለወጥም ይህንኑ ያግዛል። ከበሰለ ሙዝ የሚወጣው ኤትሊን የተባለ ጋዝ ግን መጠውለግን ስለሚያፋጥን፣ አበባው ከፍራፍሬ ርቆ ሊቀመጥ ይገባል።