ሼምፑዋና ነፍስ፤ ስለ ወላይታ ሙታን የተጻፈውን መመርመር

የሰው ነፍስ ከሥጋ ከተለየች በኋላ ሕያው ሆና ትኖራለችን ወይስ ከሥጋ ጋራ ትጠፋለች የሚለው ጥያቄ በሊቃውንትና በፈላስፎች ዘንድ እጅግ የቈየ ጥያቄ ነው። ስለ ደቡብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ሃይማኖት ከጻፉት ሰዎች አንዳንዶቹ ግን ጥያቄውን ከመጻሕፍት እንዳገኙት ይዘው ወደ አገሩ ሽማግሌ ይሄዳሉ፤ ሽማግሌውም ሙታን ፈጽመው እንዳልጠፉ ስለሚነግራቸው «ይህ ሕዝብ በነፍስ አለመሞት ያምናል» የሚል ዐረፍተ ነገር በመዝገባቸው ላይ ይሰፍራል። ስለ ወላይታ የሚነገረውም ከዚህ አይርቅም። ዐረፍተ ነገሩ ፍጹም ሐሰት ነው ለማለት አይቻልም፤ ሆኖም ያልተጠየቀውን እንደ ተጠየቀ፣ ያልተመለሰውንም እንደ ተመለሰ አድርጎ የሚያስቀምጥ ስለ ሆነ ሊመረመር ይገባዋል።

ለዚህ ምርመራ ከጉኑኖ የተሻለ ስፍራ በቀላሉ አይገኝም። ጉኑኖ ከሶዶ ወደ ሰሜን ምዕራብ የምትገኝ፣ ዛሬ የዳሞት ሶሬ ወረዳ መቀመጫ የሆነች ከተማ ናት፤ ዙሪያዋም እንሰት በየጓሮው የሚተከልበት፣ ሕዝብ የበዛበትና መሬት የጠበበበት አገር ነው። በምሁራን ጽሑፍ ስሟ የታወቀው በሙታን ነገር ሳይሆን በአፈር ነው። ከ1980ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) በዚያ የተቋቋመው የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ፣ ዝናም ከተዳፋቱ ስንት አፈር ጠርጎ እንደሚወስድ በጥንቃቄ ሲለካ ኖሯል። በዚያው አፈር ስለ ተቀበሩት ሰዎች የአገሩ ሰው የሚናገረው ነገር በዚያ ዐይነት ትጋት ተመዝኖ ቢሆን ኖሮ ክርክሩ ባጠረ ነበር።

በዚህ አካባቢ ሦስት የክርስትና ትምህርቶች ጎን ለጎን ይሰማሉ። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን አቡነ ተክለ ሃይማኖት በዳሞት ንጉሥ በሞቶሎሚ ዘመን ሰበኩ የሚለውን ትውፊት ትጠቅሳለች፤ በአገሩ በሰፊው የተተከለችው ግን በ1894 የዳግማዊ ምኒልክ ጦር ንጉሥ ጦናን ድል ካደረገ በኋላ ነው። የካቶሊክ ካፑቺኖች ሚስዮን በአረካ አጠገብ በዱቦ ይገኛል። ሦስተኛው በ1928 ሶዶ ከደረሰው ከሱዳን ኢንቴሪየር ሚስዮን የተወለደው፣ ኋላም የቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን የተባለው ነው። ሦስቱም ስለ ነፍስ ያስተምራሉ፤ ሦስቱም ከእነርሱ በፊት ከነበረው የአባቶች ሥርዐት ጋራ ተገናኝተዋል፤ የተገናኙት ግን በተለያየ በር ነው።

አስቀድሞ ቃሉን መመልከት ያስፈልጋል። በወላይታ ቋንቋ ለነፍስ ትርጕም ሆኖ የሚያገለግለው ቃል «ሼምፑዋ» ነው። ቃሉ ከመተንፈስና ከማረፍ ግሥ ጋራ አንድ ሥር አለው፤ እስትንፋስም፣ በሕይወት መኖርም ይሆናል። ይህ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ ሊሆን አይገባውም፤ «ነፍስ» ራሷ ከነፋስና ከእስትንፋስ ጋራ ዘመድ ናትና። በአደባባይ አማርኛ ነፍሰ ጡር የተባለችው ሴት በሆድዋ ሕይወት ስለ ተሸከመች ነው፤ ሕፃኑ ነፍስ ዐወቀ ሲባል አእምሮው ተከፈተ ማለት ነው፤ ነፍሰ ገዳይም በዳኛ ፊት የሚቀርበው ነፍስ አጥፍተሃል ተብሎ ነው። ቄሱ ነፍስ አትሞትም ብሎ ያስተማረው ሕዝብ ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ ነፍስ ጠፋ ብሎ ሲከስ ከሁለቱ አንዱን የሚክድ አይመስለውም። እንግዲህ ቃል ብቻውን ሃይማኖትን አይመሰክርም፤ «ሼምፑዋ» ነፍስ ማለት ነው ተብሎ በመዝገበ ቃላት ስለ ተጻፈ ብቻ የወላይታ ሰው በማትሞት ነፍስ ያምን ነበር ማለት፣ አማርኛ ተናጋሪው ነፍስ ጠፋ ስላለ በማትሞት ነፍስ አያምንም ከማለት አይሻልም።

የዚህ ስሕተት ምንጭ ሩቅ ነው። እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ታይለር በ1871 ባሳተመው ታላቅ መጽሐፉ ሃይማኖት ሁሉ የተጀመረው ከነፍስ ሐሳብ ነው አለ፤ የጥንት ሰው ሬሳውን ከሕያው ሰው ጋራ አስተያይቶ፣ ሙታኑንም በሕልሙ አይቶ፣ ከሥጋ የምትለይ ረቂቅ ነገር አለች ወደሚል አሳብ ደረሰ ብሎ አስተማረ። በየቋንቋው እስትንፋስና ነፍስ በአንድ ቃል መጠራታቸውንም እንደ ምስክር አቀረበ። ከእርሱ በኋላ የመጡት ተመራማሪዎች አሳቡን በብዙ ነቅፈውታል፤ ይሁን እንጂ በመስክ ጥናት የሚያዘው የጥያቄ ዝርዝር ከእርሱ ጥላ ገና አልወጣም። ከዚህ ልማድ ለመውጣት ኢቫንስ ፕሪቻርድ በ1956 ስለ ኑዌር ሃይማኖት በጻፈው መጽሐፍ ያሳየው መንገድ ይጠቅማል። በዚያ ሥጋ፣ እስትንፋስ ወይም ሕይወት፣ እንዲሁም አእምሮ ወይም ነፍስ የሚባሉ ሦስት ነገሮች በሦስት ቃላት ተለይተው፣ በሞት ጊዜ እያንዳንዳቸው ወዴት እንደሚሄዱ ተጠይቋል። ኑዌሮች በአገራችን በጋምቤላም የሚኖሩ ሕዝብ ስለ ሆኑ ምሳሌው ለኢትዮጵያ ተመራማሪ ባዕድ አይደለም።

ይኸው ጥያቄ ለወላይታ ሲቀርብ የሚገኘው መልስ ከተለመደው ዐረፍተ ነገር ይለያል። የቀድሞውን ሃይማኖት ያጠኑ ጸሐፊዎች እንደ መዘገቡት፣ ጦሳ የተባለው ፈጣሪ በሰማይ ያለ ነው፤ ለሰው የቀረቡት መናፍስት ናቸው። ከእነርሱ መካከል «ሞይቲሊያ» የሚባለው የሞተው አባት መንፈስ ሲሆን፣ የሚገባውን የሚያቀርብለት በሕይወት ያለ ልጁ ነው፤ ቸል ቢባል ቤተ ሰቡን የሚያውክ፣ ቢከበር የሚጠብቅ ተደርጎ ይፈራል። ልብ ሊባል የሚገባው «ሞይቲሊያ» የ«ሼምፑዋ» ሌላ ስም አለመሆኑ ነው። እስትንፋስ ቆሟል፤ የቀረው አባት ነው። ይኸውም የማንም ሰው ረቂቅ ክፍል ሆኖ በተፈጥሮው የማይጠፋ ነገር ሳይሆን፣ ከልጁ ጋራ ያለው ዝምድና በሞት ያልተቋረጠ አባት ማለት ነው። ፕላቶን ስለ ነፍስ ሲናገር ነፍስ የማትሞተው በባሕርይዋ ስለ ሆነ ከማንም ምንም አትፈልግም። የወላይታ አባት ግን ልጅ ያስፈልገዋል።

ይህ ልዩነት የቃላት ጨዋታ እንዳይመስል ውጤቱን መመልከት ይበቃል። ነፍስ በባሕርይዋ የማትሞት ከሆነች ሕፃኑም፣ መካኑም፣ ባሪያውም እኩል አሏት። የሙታን መኖር በልጆች ግብር የሚጸና ከሆነ ግን ወንድ ልጅ ሳይተካ የሞተ ሰው ነገሩ እጅግ ያሠጋል። በዚህ ላይ የወንጌል ሰባኪዎች በ1930ዎቹ የተናገሩት ቃል እንዴት እንደ ተሰማ መገመት ይቻላል። የወላይታ አዲስ ኪዳን በ1981፣ መላው መጽሐፍ ቅዱስም በ2002 ሲታተም ለዘላለም ሕይወት የቆመው ቃል «ሜሪና ዴኡዋ» ነው እንጂ ከ«ሼምፑዋ» የተበጀ ሐረግ አይደለም። «ዴኡዋ» ከመኖርና ከመገኘት ግሥ የወጣ ነው። ስለዚህ ሰሚው የተሰጠው ተስፋ «እስትንፋስህ አይጠፋም» የሚል ሳይሆን «አንተ ራስህ ትኖራለህ፤ መኖርህም በልጅህ እጅ አይደለም» የሚል ነበር ማለት ይቻላል። ይህ ከቃሉ አገባብ የሚወጣ ግምት እንጂ በሰነድ የተረጋገጠ ታሪክ አይደለም፤ ነገር ግን «ሕዝቡ አስቀድሞም በነፍስ አለመሞት ያምን ስለ ነበረ ስብከቱን በቀላሉ ተቀበለ» ከሚለው የተለመደ አነጋገር ይልቅ ለነገሩ የቀረበ ይመስላል። አስቀድሞ በእጁ ያለውን ነገር ለማግኘት ብሎ ማን ይሰደዳል?

ስደት መኖሩ እርግጥ ነው። የሚስዮኑ ሰዎች በ1937 በኢጣልያኖች ትእዛዝ አገሩን ሲለቁ የተጠመቁት አማኞች ሃምሳ እንኳ አልሞሉም ነበር፤ ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ ዐሥር ሺህ ያህል አማኞች እንዳገኙ የራሳቸው ጽሑፎች ይናገራሉ። ሬይሞንድ ዴቪስ በ1966 ያሳተመው መጽሐፍ ይህን ታሪክ ለውጭ አንባቢ በሰፊው አሳውቋል። መጽሐፉ ለአማኞቹ ጽናት የሰጠው ክብር የሚገባ ቢሆንም፣ የቀድሞውን ሃይማኖት የሚያየው በጨለማና በፍርሃት መልክ ብቻ ስለ ሆነ፣ ሰዎቹ ምን ጥለው ምን እንደ ያዙ በትክክል አያስረዳም። በዚህ በኩል ፖል ባሊስኪ ስለ ወላይታ ወንጌላውያን በ2009 ያወጣው ጥናት እጅግ ይሻላል፤ ሚስዮኑ ከመምጣቱ በፊት ኤሳ ላሌ የተባለ የጋሞ ሰው ሕዝቡ የአባቶችን መናፍስት ትቶ ወደ አንዱ ጦሳ ብቻ እንዲጸልይ ማስተማሩን ለታሪኩ መነሻ ያደርገዋልና። የኤሳ ትምህርት የሙታንን ነገር የነካው ነፍስ ትሞታለች ወይም አትሞትም በማለት አይደለም፤ ለእነርሱ የሚደረገው ግብር ይቅር በማለት ነው። ሚስዮኑ የደረሰው ጥያቄው በዚህ መልክ ከተነሣ በኋላ ነው።

የኋለኛው መደባለቅ ከየት መጣ ቢባል፣ አንዱ ምክንያት የመንግሥት ሕግ ነው። በ1944 ስለ ሚስዮኖች የወጣው ድንጋጌ የትምህርቱ ቋንቋ አማርኛ እንዲሆን ሲያዝ፣ የአገሩን ቋንቋ ለጊዜው በቃል ማስረጃነት ፈቅዶ ነበር። ስለዚህ መጽሐፉ «ነፍስ» እያለ ይነበባል፤ አስተርጓሚው «ሼምፑዋ» እያለ ያስረዳል። በአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ያለችው «ነፍስ» ደግሞ የዕብራይስጡንና የግሪኩን ሁለት ቃል በአንድነት የተሸከመች ናት። ይህ ሁሉ ሸክም በእስትንፋስ ቃል ላይ ሲጫን የዛሬው አማኝ «ሼምፑዋ»ን በእውነት የማትሞት ነፍስ አድርጎ ቢረዳት አያስደንቅም። ስሕተቱ የአማኙ አይደለም፤ ቃል በአዲስ ትምህርት አዲስ ትርጕም መልበሱ የቋንቋ ሥራ ነው። «አያና» የሚለው ቃል ራሱ የቀድሞዎቹን መናፍስት ሲያመለክት ኖሮ «ጌሻ አያና» ተብሎ ለመንፈስ ቅዱስ ተሰጥቷል። ስሕተቱ የዛሬውን ትርጕም ወስዶ የዛሬ መቶ ሃምሳ ዓመት ለሞተ ሰው የሚያለብሰው ተመራማሪ ነው።

የኦርቶዶክሱ በር ከዚህ ይለያል። ፍትሐትና የአርባ ቀን ተዝካር ሕያዋን ለሙታን የሚያደርጉት ነገር ስለ ሆነ፣ ለውጭ ተመልካች ከአባቶች ግብር ጋራ አንድ መስሎ ይታያል፤ አንዳንዱም ተዝካርን የአረማዊነት ቅሬታ እስከ ማለት ይደርሳል። ይህ የችኰላ ፍርድ ነው። በተዝካር ሕያዋን ለሟቹ ምሕረት ይለምናሉ፤ በቀድሞው ሥርዐት ግን ሕያዋን ምሕረት የሚለምኑት ሟቹን ነው። ሥራው ቢመሳሰል አቅጣጫው ተቃራኒ ነው። ደግሞም ቤተ ክርስቲያኒቱ የምትቀበለው መጽሐፈ ሄኖክ በ22ኛው ምዕራፉ የሙታን ነፍሳት እስከ ፍርድ ቀን የሚቈዩባቸውን የተለያዩ ስፍራዎች ስለሚያሳይ፣ ነፍስ እዚያ የምትጠብቀው ፍርድን እንጂ የልጅዋን ምግብ አይደለም። ስለ ዱቦ ካቶሊኮች የሙታን ቅዳሴም ይኸው ሊባል ይችላል።

አሁን አንድ ተቃውሞ ይነሣል። ኦስካር ኩልማን በ1955 በሐርቫርድ ባደረገው ንግግር፣ አዲስ ኪዳን የሚያስተምረው የሙታንን ትንሣኤ እንጂ የግሪኮችን የነፍስ አለመሞት አይደለም ብሎ ብዙ ሰዎችን አስቈጥቷል፤ የአድቬንቲስት ቤተ ክርስቲያንም ሙታን እስከ ትንሣኤ ያንቀላፋሉ ብላ ታስተምራለች። እንግዲያስ እስትንፋስ በሞት ቆመች የሚለው የወላይታ አነጋገር ለመጽሐፍ ቅዱስ ይበልጥ የቀረበ አይደለምን? ነገሩ ደስ የሚያሰኝ ቢሆንም መቀበል አይገባም። ኩልማን የሚያስበው ሞት እውነተኛ ጠላት ሆኖ በፈጣሪ ሥራ ስለ መሸነፉ ነው፤ የወላይታው ሥርዐት ግን ትንሣኤን አይጠብቅም፤ የሚጠብቀው ልጅን ነው። የአገሩን ሽማግሌ የግሪክ ፈላስፋ ማድረግ ስሕተት ከሆነ፣ የሐርቫርድ ተናጋሪ ደቀ መዝሙር ማድረግም ከዚያ አያንስም።

የከረረው ጉዳይ ግን በመጻሕፍት መካከል ያለው አይደለም። በጉኑኖ ዙሪያ ያለ የቃለ ሕይወት አማኝ «ሞይቲሊያ» የሚባል የለም፤ በአባት ስም የሚመጣው «ጣላሄ» ማለት ሰይጣን ነው ተብሎ ተምሯል። አያቱ ከ1928 በፊት የሞተ ከሆነ ይህ ትምህርት ሁለት ጊዜ ይነካዋል፤ አያቱ ከቤቱ ጠባቂነት ተሽሯል፤ በአዲሱ ተስፋም ውስጥ ስሙ አልተጠራም። ነፍስ አትሞትም የሚለው ትምህርት ለዚህ ሰው ማጽናኛ ከመሆን ይልቅ፣ «እንግዲያስ አያቴ አሁን የት ነው?» የሚል ከባድ ጥያቄ ያስነሣበታል። በቀድሞው አነጋገር ጥያቄው መልስ ነበረው፤ በቤቱ ዙሪያ ነው። ይህን ሰው «በነፍስ ታምናለህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ለተመራማሪው መዝገብ አንድ መሥመር ይጨምር ይሆናል እንጂ ሌላ የሚያስገኘው የለም። ይልቁንስ በለቅሶ የሟቹ ጎሣና አባቶች ሲቈጠሩ ስለ እነርሱ የሚነገረው ግሥ በተጠንቀቀ፤ ስለ አያቱ ሲናገር ሼምፑዋው ወጣች ይል እንደ ሆነ፣ ወይስ «ዴ» የሚለውን የመኖር ግሥ እስከ ዛሬ ባለ አነጋገር ይጠቀም እንደ ሆነ፣ ይህም በማን ፊት ሲናገር እንደሚለወጥ በተጻፈ።