«ቀይር» በሚለው ቃል ላይ የቀረበ ሂስ
(ስለ ቪዲዮ ማስተካከያ መመሪያዎች ትርጕም)

ሙያዊ ቃላት ሲተረጐሙ የሚፈጠር ስሕተት አብዛኛውን ጊዜ እንደ ውበት ጕድለት ይታያል። ቃሉ ይሻክራል፤ አንባቢ ይሥቃል፤ ነገሩም በዚያው ያልፋል። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ግን ስሕተቱ የማይተካ ቅርስ ያጠፋበትን አጋጣሚ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በመስክ ጥናት የቀረጽናቸውን 43 ቪዲዮዎች ለአንድ መሥሪያ ቤት በአደራ ሰጥተን ነበር። የመሥሪያ ቤቱ ማጫወቻ ከካሜራው የወጡትን የ«ሞቭ» ፋይሎች አልከፍትም ስላለ፣ ባለሙያው ከእንግሊዝኛ የተተረጐመ የሥልጠና ጽሑፍ ይዞ ሥራውን ጀመረ። ጽሑፉ «ፋይሉን ወደ ኤም.ፒ.ፎር ቀይር» ይላል፤ ባለሙያውም ቀየረ። ቦታ ለማስለቀቅም የመጀመሪያዎቹን ፋይሎች ሰረዘ። ሌላ ቅጂ አለማስቀረታችን የራሳችን ጥፋት ነው። ከተናጋሪዎቹ አንዳንዶቹ ዛሬ በሕይወት የሉም። ባለሙያው የፈጸመው የታዘዘውን ስለሆነ፣ ሂሳችን የሚያመራው ወደ ቃሉ ነው።

መሣሪያው በ2000 እ.ኤ.አ. በፈረንሳዊው ፋብሪስ ቤላርድ የተጀመረው «ኤፍኤፍኤምፔግ» ነው። ይህ ፕሮግራም የሚሠራው አዝራር በመጫን ሳይሆን ትእዛዝ በጽሑፍ በመስጠት ነው። ስለዚህ ተጠቃሚውን የሚመራው ሥዕል ወይም ምልክት የለም፤ የሚመራው ቃል ብቻ ነው። ቃሉ ከተዛባ ሥራው ይዛባል።

የቪዲዮ ፋይል፣ ስሙ አንድ ይሁን እንጂ፣ በውስጡ መያዣና ይዘት አለው። «ሞቭ»፣ «ኤም.ፒ.ፎር»፣ «ማትሮስካ» የመያዣ ስሞች ናቸው፤ የመጨረሻው እንዲያውም ስያሜውን ያገኘው አንዷ በሌላዋ ውስጥ ከምትገባው የሩሲያ አሻንጉሊት ነው። በመያዣው ውስጥ ምስሉና ድምፁ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ኮድ ተጽፈው ይቀመጣሉ። እንግዲህ «ቀይር» ሲባል ምኑን? መያዣውን ብቻ ከሆነ ይዘቱ እንዳለ ይተላለፋል፤ አንዳችም አይጐድልም፤ ሥራውም በጥቂት ሰኮንዶች ያልቃል። ይዘቱንም ከሆነ ምስሉና ድምፁ ተፈትተው እንደ አዲስ ይጻፋሉ፤ አጻጻፉ ጨማቂ በሆነ ቍጥር የተጣለው አይመለስም።

ባለሙያው ምርጫውን ሳይገልጽ በመቅረቱ መሣሪያው በራሱ ልማድ ሁለተኛውን ሠራ። በሰኮንድ 1,536 ኪሎቢት የነበረው ያልተጨመቀ ድምፅ ወደ 128 ኪሎቢት ወረደ፤ ይኸውም አንድ አሥራ ሁለተኛው ማለት ነው። ተራ አድማጭ ልዩነቱን ላያስተውል ይችላል። የ«ጠ»ን፣ የ«ጰ»ን፣ የ«ቀ»ን የፍንዳታ ቅጽበት ለሚለካ የቋንቋ ተመራማሪ ግን ቅጂው ከእንግዲህ አስተማማኝ ማስረጃ አይደለም። ማድረግ የሚገባው ምስሉን እንዳለ ወደ ኤም.ፒ.ፎር ማሳለፍ፣ ድምፁንም ሳይጨመቅ በ«ዌቭ» ፋይል ለብቻው ማውጣት ነበር። ለሁለቱም አንድ የትእዛዝ መስመር ይበቃል።

ተርጓሚው «ጥፋቱ የእንግሊዝኛው ነው» ሊል ይችላል፤ እውነትም «ኮንቨርት» የሚለው ቃል ሁለቱን ሥራዎች አይለይም። ይሁን እንጂ የመመሪያ ተርጓሚ ታማኝነቱ ለነገሩ መሆን አለበት እንላለን። ምንጩ ልል ከሆነ፣ ተርጓሚው መሣሪያው የሚሠራውን አይቶ ማጥበቅ ይገባዋል።

ለዚህ የሚበቃ ሀብት በቋንቋችን አለ። የብራና መጽሐፍ የሚቀመጥበት የቆዳ መያዣ ማኅደር ይባላል። ማኅደሩ ቢለወጥ መጽሐፉ አይለወጥም፤ ጸሐፊ ተቀምጦ እንደገና ሲገለብጠው ግን ፊደል ሊወድቅ፣ መስመር ሊዘለል ይችላል። ልዩነቱ በትክክል ይኸው ነው። ማኅደር በመሥሪያ ቤቶች የሠራተኛ ወይም የጕዳይ መዝገብን ስለሚያመለክት ይምታታል የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። «የቪዲዮ ማኅደር» ተብሎ ሲዘረዘር ግን የሚሳሳት አንባቢ ይኖራል ብለን አናምንም።

በዚያው ጽሑፍ ያየናቸው ሌሎች ቃላትም መታረም ይገባቸዋል። በኮድ መጻፍን «ማመስጠር» ማለቱ አንባቢው የሌለ የይለፍ ቃል እንዲፈልግ ያደርገዋል፤ ማመስጠር ከሌላ ሰው መሰወር ነውና። ይዘቱን እንዳለ ማሳለፍን «መቅዳት» ማለቱም አሻሚ ነው፤ በአማርኛ ውኃም፣ ድምፅም፣ ጽሑፍም ይቀዳል። «ቁልፍ ክፈፍ» የተባለው ደግሞ ቃል በቃል ከመተርጐም የመጣ ነው። ነገሩ ራሱን ችሎ የተጻፈ ሙሉ ምስል ነው፤ ተከታዮቹ ከእርሱ የሚለዩበትን ብቻ ይመዘግባሉ። ቪዲዮ ይዘቱ ሳይነካ ሲቈረጥ የምስሉ መቍረጫ ከእንደዚህ ያለ ምስል ላይ የሚጀምረውም በዚህ ምክንያት ነው። በሁለቱ መካከል 250 ምስሎች ካሉና በሰኮንድ 25 ምስል የሚታይ ከሆነ፣ ርቀቱ 10 ሰኮንድ ይደርሳል። «መነሻ ምስል» ቢባል ስሙ ጠባዩን ይናገራል።

«ስክሪፕት»ን «ጽሑፈ ተውኔት» ማለቱ በሣቅ ይታለፍ ነበር። ነገር ግን ስክሪፕት አንድን ትእዛዝ በብዙ ፋይሎች ላይ በተራ የሚያስፈጽም ጽሑፍ ነው፤ በእኛም ላይ የደረሰው ይኸው ነው። አንድ የተሳሳተ ቃል በአንድ ሌሊት 43 ጊዜ ተፈጸመ።

«የትእዛዝ መስመር» የሚለው ትርጕም ግን ግልጽና ተስማሚ ስለሆነ እንዲጸና እንደግፋለን። ለቀሩት የምናቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው፦

ለመያዣው፦ ማኅደር።
መያዣውን ብቻ ለመቀየር፦ ማኅደር መለወጥ።
ይዘቱን ሳይነኩ ለማስተላለፍ፦ እንዳለ ማሳለፍ።
ይዘቱን ፈትቶ እንደ አዲስ ለመጻፍ፦ ዳግም በኮድ መጻፍ።
ራሱን ለቻለው ምስል፦ መነሻ ምስል።
«ፋይል»፣ «ኮዴክ» እና «ስክሪፕት» በተለመደ አጠራራቸው ይቈዩ።

እነዚህ ቃላት የመጨረሻ ናቸው አንልም፤ የተሻለ የሚያቀርብ ቢገኝ የኛን ለመተው ዝግጁ ነን። የምንጸናበት ነጥብ ግን አንድ ነው፦ «ቀይር» የሚለው ትእዛዝ ብቻውን በማንኛውም መመሪያ ላይ ሊቆም አይገባም። «ማኅደሩን ለውጥ» ተብሎ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ፣ ባለሙያው የሚነካውንና የማይነካውን ለይቶ ያውቅ ነበር።