የደረት የሊምፍ እጢዎች መጠን፦ ስለ «10 ሚሊ ሜትር» አጠቃቀማችን ጥቂት ትችት

በደረት ሲቲ ስካን ሪፖርቶች ላይ «በሚዲያስቲነም ያበጡ የሊምፍ እጢዎች ታይተዋል» ወይም «ያበጠ እጢ የለም» የሚሉ ቃላት ዘወትር ይነበባሉ። እጢው የት እንደሚገኝና በየትኛው አቅጣጫ እንደተለካ ግን ብዙ ጊዜ አይገለጽም። ከፍርዱ በስተጀርባ ያለው 10 ሚሊ ሜትር የተባለው ወሰን ነው። ወሰኑ ጠቃሚ ቢሆንም አጠቃቀማችን ሊመረመር ይገባዋል።

በመጀመሪያ ደረጃ ወሰኑ የሚመለከተው የእጢውን አጭር ወርድ ነው። ረጅሙ እጢው በተኛበት አቅጣጫ ይለዋወጣል። የቱ እንደተለካ ካልተጻፈ «12 ሚሊ ሜትር» ማለት ለሐኪሙ ምንም አይነግረውም። ቦታውም ልዩነት ያመጣል። ግሌዘርና ባልደረቦቻቸው በ1985 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የመደበኛ እጢዎች መጠን እንደየስፍራው እንደሚለያይ አሳይተዋል፤ የመተንፈሻ ቧንቧው ለሁለት ከሚከፈልበት ሥር ያሉት ከላይኞቹ ይተልቃሉ። ለዚህ ስፍራ 12 ሚሊ ሜትርን የሚቀበሉ ባለሙያዎች ያሉትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ከሁሉ የከበደው ስሕተት የሚደርሰው በሳንባ ካንሰር ሕመምተኛ ላይ ነው። የአሜሪካ የደረት ሐኪሞች ኮሌጅ በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ መሠረት ሲቲ ስካን ወደ ሚዲያስቲነም እጢዎች የተሠራጨ ካንሰርን የመለየት አቅሙ 55 በመቶ ገደማ፣ ካንሰር የሌለበትን የመለየት አቅሙ ደግሞ 81 በመቶ ገደማ ነው። በመሆኑም ትንሽ እጢ ካንሰር ሊሸሽግ ይችላል፤ ያበጠውም ከካንሰር ነጻ ሊሆን ይችላል። የቲቢ በሽታ በሰፊው በሚገኝበት አገራችን እጢን የሚያሳብጠው ካንሰር ብቻ አይደለም፤ የልብ ድካም እንኳ ያሳብጠዋል። ናሙና ሳይወሰድ በሚሊ ሜትር ብቻ «ቀዶ ሕክምና አይሆንለትም» የተባለ ሰው የመዳን ዕድሉን በከንቱ ሊያጣ ይችላል።

በአንጻሩ ሌላ ሕመም በሌለው ሰው ላይ በአጋጣሚ የታየ፣ አጭር ወርዱ ከ15 ሚሊ ሜትር በታች የሆነና መልኩ የማያጠራጥር እጢ ተጨማሪ ክትትል እንደማያሻው የአሜሪካ የራዲዮሎጂ ኮሌጅ ኮሚቴ በ2018 እ.ኤ.አ. መክሯል። ቁጥሩ እንደ ጥያቄው ይለዋወጣል ማለት ነው።

ጥያቄውን የሚያቀርበው ደግሞ አዛዡ ሐኪም ነው። (እዚህ ላይ ወቀሳው የራዲዮሎጂ ባለሙያዎች ብቻ አይደለም።) «ደረት ሲቲ» ከሚሉ ሁለት ቃላት በቀር ምንም ባልሰፈረበት የምርመራ መጠየቂያ፣ ባለሙያው ከ10 እና ከ15 የትኛውን ወሰን መያዝ እንዳለበት ከየት ያውቃል? መሃሉ ጠቁሮ ዙሪያው በንጥረ ነገር የደመቀ እጢ ሲያይስ ቲቢን እንዲያነሳ የሕመምተኛው ትኩሳትና የክብደት መቀነስ ሊጻፍለት አይገባምን?