ሌንስ ርቀትን ያሳጥራልን?
(ስለ መንዝ ጓሳ ፎቶግራፎች የቀረበ ሒስ)

ስለ መንዝ ጓሳ በሚታተሙት ፎቶግራፎች ሁለት ዐይነት አቀራረብ ደጋግሞ ይታያል። በአንደኛው ጭላዳው ከፊት ይገዝፍና ከበስተኋላው ያለው ተራራ እንደ ጉብታ ያንሳል፤ በሁለተኛው ጭላዳውና የማዶው ገደል ተደራርበው ጎረቤታሞች ይመስላሉ። የፊተኛውን ከአጭር፥ የኋለኛውን ከረጅም ሌንስ ጠባይ የመጣ ነው ማለት ተለምዷል። ይህ አባባል ግን ምክንያቱን ያለ ቦታው የሚያስቀምጥ ነው።

ቁመታቸው እኩል የሆነ ሁለት ጅብራዎች በ10 ሜትር ተራርቀው ቆመዋል እንበል። ከፊተኛው 10 ሜትር ርቀን ብናነሣ፥ የኋለኛው 20 ሜትር ስለሚርቅ በፎቶግራፉ ላይ የፊተኛውን ግማሽ ያህላል። 100 ሜትር ርቀን ብናነሣ ግን፥ መጠናቸው 100 ለ110 ሆኖ እኩል ለመምሰል ጥቂት ይቀራቸዋል። በዚህ ስሌት ውስጥ የሌንሱ የትኩረት ርቀት ከቶ አልገባም፤ የገባው የቆምንበት ቦታ ነው። ሳንነቃነቅ በ28 እና በ200 ሚሊሜትር ሌንስ አንሥተን፥ የፊተኛውን መካከሉን ቆርጠን ብናሳድገው፥ ጥራቱ ይቀንሳል እንጂ የነገሮቹ የእርስ በርስ መጠን ከሁለተኛው አይለይም። ረጅሙ ሌንስ ርቀትን አያሳጥርም፤ አንሺው ርቆ እንዲቆም ይፈቅድለታል።

«መዛባት» የሚለው ቃልም እንዲሁ ሁለት ነገር ያደባልቃል። በአጭር ሌንስ ጠርዝ ላይ የሰው ፊት የሚለጠጠው ብርሃኑ በጠፍጣፋው ገጽ ላይ በሰያፍ ስለሚያርፍ ነው። ቀጥ ያለ ግድግዳ መጉበጡ ግን የሌንሱ የራሱ አሠራር ያመጣው ነው።

ነገሩ የቃላት ክርክር ብቻ አይደለም። ጓሳ ከ17ኛው ምእት ዓመት ጀምሮ በቄሮ ሥርዐት የተጠበቀ፥ ሥርዐቱ ከ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ በኋላ ቢፈርስም ኅብረተሰቡ በሌላ መልክ ጥበቃውን የቀጠለበት ምድር ነው። በእንዲህ ያለ ቦታ ፎቶግራፍ ምስክር ይሆናል። እጅግ ከሩቅ ቢነሣ፥ የተራራቁትን ከብትና ቀይ ቀበሮ ጎን ለጎን አድርጎ እረኛውን ያለ ጥፋቱ ያስከስሳል፤ የተመናመነውንም ሣር ከሩቅና ከዝቅታ ሲያሳየው፥ ጉቶ ጉቶው ተደራርቦ ጥቅጥቅ ያለ ያስመስለዋል።

ስለዚህ ለጥናት የሚቀርብ ፎቶግራፍ ከሥሩ ሊጻፍለት የሚገባው የሌንሱ ቁጥር ብቻ ሳይሆን፥ አንሺው የቆመበት ቦታና ከነገሩ የራቀበት ልክ ጭምር ነው። ይህ ካልተጻፈ ፎቶግራፉ ለዐይን ያማረ ሊሆን ይችላል፤ ማስረጃ ግን አይሆንም።